በአንተ ሰዓት

ውድነህ የሴት ልጁን የሔቨንን የድምፅ መልእክት ለቀጸላ ያሰማዋል። ሁለቱም ኡበር ሾፌሮች ናቸው፤ ዴንቨር ኤርፖርት የመኪና ማቆያው ውስጥ፣ ውድነህ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ተራ እየጠበቁ ነው።

«አባዬ፣ ስልኬን እንደማታነሳ አውቃለሁ። አዲስ የተመደብኩባት ደሴት ኤርፖርት ላይ ካሜራ አለ፣ ኦንላይን። ስደርስ አጥሩ ጋ ቆሜ እጄን አንስቼ ዌቭ አደርግልሃለሁ። ማውራት ካልፈለግክ ማየት ብቻ። ማክሰኞ፣ በአንተ ሰዓት አሥራ አንድ ሰዓት። ኦኬ?»

ሔቨን የፋርማሲ ሥራዋን ትታ ጃፓን እንግሊዝኛ ላስተምር ብላ ከሄደች ስምንት ወሯ ነው። ስምንት ወር ሙሉ አኩርፏታል። ንዴቱስ ከበረደ ቆይቷል፤ መታረቂያው ነው የጠፋው። ዛሬ ያያታል።

«ታዲያ ሰዓቱ አልደረሰም?» ይላል ቀጸላ።

«እዚህ አይደል ያደገችው? አሥራ አንድ ካለች የፈረንጅ ነው። ማታ አምስት ሰዓት ማለት ነዋ። አላርም ሞልቻለሁ።»

ቀጸላ የመኪናውን ሰዓት ያያል፤ 5:21 ይላል። «በአንተ ሰዓት ነው እኮ ያለችህ። በሐበሻ አሥራ አንድ አልፏል።»

ውድነህ ሊስቅ ይልና ይቀራል። ሕፃን ሆና የሐበሻን አቆጣጠር የምትጠራው እንደዚያ ነበር። «የአንተ ሰዓት ስህተት ነው አባዬ» እያለች ታበሽቀው ነበር።

ዳሽቦርዱ ላይ በሰቀለው ስልክ ካሜራውን ይከፍታል። እዚያ የነገ ጠዋት ነው። አንድ አስፋልት፣ ከኋላው ባሕር፣ እዚህ ፒዮሪያ ጎዳና ላይ ካለው ነዳጅ ማደያ የማይበልጥ ሕንፃ። ተሳፋሪው ሁሉ ሄዷል። አጥሩ ጋ ቢጫ ጃኬት የለበሰች አንዲት ሰው እጇን ወደ ላይ አንስታ ቆማለች።

ፊቷ አይለይም። ትከሻዋ ግን በቦርሳው በኩል ዘንበል ብሏል፣ ልክ እንደ እናቷ።

«እሷ ናት» ይላል። ሃያ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆማለታለች።

ምስሉ የሚቀየረው በደቂቃ አንዴ ነው። ሲቀየር እጇ ወርዷል፤ ጀርባዋን ሰጥታለች። እንደገና ሲቀየር አጥሩና ባሕሩ ብቻ ቀርተዋል።

«ደውልላት እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!»

«እደውላለሁ» ይላል ውድነህ። ስልኩን ግን አይነካውም። ባዶውን አጥር እያየ ቀኝ እጁን ቀስ ብሎ ያነሳል።

ፊት ለፊት ፓርክ ያደረገ የማያውቀው ሾፌር ሰላምታው ለእሱ መስሎት እጁን ያወዛውዝለታል።