የማናለብሽ ደም

አስማረ ለታመመ ጎረቤቱ ደም ሊሰጥ ቆሰበር ከተማ ሆስፒታል ሄደ። ደሙን መረመሩና ሳይቀበሉት መለሱት። የጉበት ቫይረስ ተገኘበት።

እናቱ ወይዘሮ ወርቅነሽ ወሬውን ሲሰሙ «በምን ይይዛል?» ብለው ጠየቁ።

«በደም ነው። በባልና ሚስት መካከልም ይተላለፋል አሉኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ሌላ አልጠየቁም። ዓይናቸው ወደ ምራታቸው ወደ ማናለብሽ ዞረ። ማናለብሽ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። አስማረን ከማግባቷ በፊት ዳንግላ ሌላ ባል ነበራት።

ከዚያ ቀን ወዲያ ወይዘሮ ወርቅነሽ ከመንደራቸው ከዘንገና ወደ ገበያ ሲወጡ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው መከናነብ ጀመሩ። የማኅበር ተራቸው ሲደርስም «አሞኛል» ብለው ለሌላ ሰጡ። የበኩር ልጃቸው በሠላሳ ዓመቱ ሆዱ ተነፍቶ ሲሞት አገሩ ሁሉ «የሰው ዓይን ነው» ብሎ አብሯቸው አልቅሶ ነበር። ይሄኛው ግን ለማን ይነገራል?

የማናለብሽን ሳህንና ብርጭቆ ለዩ።

«እናቴ፣ እኔ የበደልኩት ነገር የለም» አለቻቸው።

«ታዲያ ልጄ ከየት አመጣው? ከእርሻው?»

አስማረ እየሰማ ወደ በረቱ ወጣ። ማናለብሽ በማግስቱ ልብሷን ጠቅልላ ጥሊሊ እናቷ ቤት ገባች።

በሳምንቱ የሆስፒታሉ ነርስ ምሕረት ለአስማረ ደወለች። «ቤተሰቡ በሙሉ ይመርመር። ቫይረሱ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። አሁን ሕፃኑ እንደተወለደ፣ አንድ ቀን ሳይሞላው የሚሰጥ ክትባት መጥቶልናል» አለች።

«አየህ!» አሉ አጠገቡ ሆነው የሰሙት ወይዘሮ ወርቅነሽ። «የልጅ ልጄንም ልትጨርሰው ነው!»

እውነቱ ይውጣ ብለው ከሁሉም ቀድመው ክንዳቸውን ለመርፌ ዘረጉ። ማናለብሽ በሚኒባስ ብቻዋን መጥታ ተመረመረች።

ውጤት በሚነገርበት ቀን ነርሷ አንድ በአንድ አስገባች። ማናለብሽ ገብታ ወጣች። ወረቀቷን ለባሏ አቀበለችው። አስማረ አነበበውና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ነፃ ናት» አለ።

ወይዘሮ ወርቅነሽ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። «ይቅር በይኝ» ሊሏት ተነሱ። ማናለብሽ ሆዷን ደግፋ ወደ መስኮቱ ዞራለች። ምን ብለው ይጀምሩ? ያን ሁሉ ቀን ያሏትን በየትኛው ቃል ይመልሱት?

ነርሷ በዚህ መሐል ስማቸውን ጠራች። ገቡ። ምሕረት በሩን በቀስታ ዘጋችና ወንበር ሳበችላቸው።

«እማማ፣ ቫይረሱ በእርስዎ ደም ውስጥ አለ። አስማረን ሲወልዱ ክትባቱ ገና አልነበረም።»