ዶይል በር ላይ ነው

ዶይል ከባንዱ ከተባረረ ሦስት ወሩ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አላባማን ያስጨፈረ ድምፅ በአንድ ስብሰባ ተሸኘ። በቦታው ኮርቢን የሚባል፣ ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን የመጣ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ገባ። አዲሱ አልበም ካልሰመረ ለባንዱም ለልጁም አበቃ።

የመጀመሪያው ቀን ቀረጻ ከንቱ ሆነ። ልጁ ዜማውን አይስትም፤ ግን ሲዘፍን የሳሙና ማስታወቂያ የሚያነብ ይመስላል። የባንዱ አለቃ፣ ጊታሪስቱ ቬርኖን፣ ራሱን ይዞ ተቀመጠ።

በማግስቱ ጠዋት የዶይል ፒክአፕ ከስቱዲዮው ፊት ለፊት ቆመች። የኋላ መስኮቷ ላይ ጠመንጃ ተሰቅሏል። ዶይል ከውስጥ ቁጭ ብሎ በሩን ያያል።

"ምን ፈልጎ ነው?" አለ ኮርቢን።

"ቦታዬን የወሰደውን አልምረውም ብሎ ምሏል" አለ ቬርኖን። "ከዛሬ ጀምሮ በጓሮ ግባ፣ በጓሮ ውጣ። ፊትህን እንዳያይ።"

"ለሸሪፉ ብንነግርስ?"

"ሸሪፉ የአክስቱ ልጅ ነው፣ ወንድሜ።"

ኮርቢን ያን ቀን እየተንቀጠቀጠ ዘፈነ። ድምፁ መሃል ላይ ሲሰነጠቅ የቀረጻው ባለሙያ እንኳ ሲጋራውን ረስቶ ቀና አለ።

ሁለት ሳምንት እንዲሁ ሄደ። ቬርኖን በየጠዋቱ በመስኮት አጮልቆ ያይና "መጥቷል፤ በሉ እንጀምር" ይላል። ከበሮ መቺው ሆይት እኩለ ቀን ላይ የተጠበሰ ዶሮ ይዞ ወደ ፒክአፗ ይሄዳል። "ሆዱ ከሞላ አይተኩስም" እያለ ይቀልዳል። ኮርቢን ግን እህል አልወርድ አለው። እናቱ ስትደውል "ደህና ነኝ" ይላታል፣ ስልኩን ዘግቶ ያለቅሳል። አንጀት ይበላ ነበር።

አንድ ዘፈን ሲቀር አልቻለም። ሌሎቹ ምሳ ላይ ሳሉ፣ እንዲህ ተሳቅቄ ከምኖር አንዴ ይገላግለኝ ብሎ በፊት ለፊቱ በር ወጣ። በቀጥታ ፒክአፗ ጋ ደረሰ።

ዶይል መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ከእግር እስከ ራሱ አየው።

"ልጄ፣ እዚህ ነው የምትሠራው? እስኪ ቬርኖንን ስንት ቀን እንደቀረኝ ጠይቅልኝ፤ ወገቤ አለቀ። አዲሱ ዘፋኝ ካልፈራ ድምፁ አይወጣም ብሎ ለምኖኝ ነው እንጂ፣ እኔ ከልጁ ጋር ምን ጠብ አለኝ?"