የመኪና ያህል ሰው

«አሁንም ቀልለናል፤ ሰው ጨምሩ!» አለ ዲያቆን አልቶን፣ የሊፍቱን ገመድ በሁለት እጁ እንደያዘ።

እህት ማይርትል ነጭ የመዘምራን ልብሷን ሰብሰብ አድርጋ ገባች። ወለሉ ከሥሯ ትንሽ ዝቅ አለ።

«ይኸው! ዓመቱን ሙሉ ስትስቁብኝ ከርማችሁ ዛሬ ተፈለግኩ አይደል?»

«እህቴ፣ አንቺማ ሞተሩ ነሽ» አለ ቀጭኑ ወንድም ክላይድ።

«አንተ ደግሞ መጥረጊያው!»

መሃላቸው በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠችው ቨርዴል፣ የአልቶን ሚስት፣ አፏን በመሐረብ ሸፍና ሳቀች። እግሮቿ ከከዷት ወዲህ እሑድ እሑድ የፎቁን ስብከት በድምፅ ማጉያ የምትሰማው ምድር ቤት ሆና ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ ድሮ የመኪና መሸጫ ሳለ አዲስ መኪና ለእይታ ይቆምበት በነበረው አዳራሽ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ከሚደርሰው መስታወት ጀርባ። የዲትሮይት መንገደኛ እያያት ያልፋል። «እስካሁን የገዛኝ የለም» ትል ነበር።

ዛሬ ግን የልጅ ልጇ ሬኔታ ፎቅ ላይ ትጠመቃለች። የጥምቀቱ ገንዳ እዚያ የተሠራው፣ ያኔ መኪና የሚታጠበው እዚያ ስለነበር ነው፤ ወለሉ ዘቅዘቅ ያለ ነው፣ መውረጃም አለው። ደረጃው ለመካኒኮች ብቻ የተሠራ ጠባብ ብረት ነው። ተሸክመን እናውጣሽ ቢሏት «እንደ ጆንያ አልጫንም» አለች።

የቀረው የመኪናው ሊፍት ነበር። በማንጠልጠያው ወዲያኛው ጫፍ ያለው ብረት ከአንድ መኪና ጋር እንዲመዛዘን የተሰቀለ ስለሆነ፣ አልቶን አርብ ዕለት ባዶውን ቢሞክረው ተስፈንጥሮ ላይኛውን ጣሪያ መታ። መኪና መጫን ደግሞ አይቻልም፤ ከአሥር ዓመታት በፊት ሕንፃውን የያዘ የዕቃ ነጋዴ መኪና የሚገባበትን ትልቅ በር በጡብ ደፍኖታል። ስለዚህ የመኪናውን ክብደት መዘምራኑ ሆኑ።

ሁለት ሰዎች ተጨመሩ። አልቶን ገመዱን ቀስ ብሎ ሳበ። ሊፍቱ አቃሰተና ተነሣ፤ አንዱ «ኢየሱስ» ሲል ተሰማ።

ፎቁ ላይ ሲደርሱ አልቶን ገመዱን ጨምድዶ ያዘ። ሊፍቱን ባለበት የሚያቆመው መቆለፊያ ከተበላሸ ቆይቷል።

«መጀመሪያ እሷ! ሌላ ሰው እንዳይወርድ!»

ፎቁ ላይ ይጠብቅ የነበረው የቤተ ክርስቲያኑ አስተናጋጅ ወንበሩን ገፍቶ አወጣት። ወለሉ ወደ ላይ ነጠቅ ሲል አልቶን በሙሉ ክብደቱ ገመዱ ላይ ተንጠለጠለ። ቨርዴል ዞር አለች።

«አንተስ?»

«ብለቀው እነዚህን ሁሉ ጣሪያው ላይ እለጥፋቸዋለሁ። ሂጂ፣ ፓስተሩ ውሃ ውስጥ ቆሞ ብርድ ሊገለው ነው።»

መዘምራኑ እዚያው ተጠጋግተው እንደቆሙ መዝሙሩን አነሡ። ከኋላ ጥግ ላለው ለአልቶን የሚታየው ነጭ ጀርባ ብቻ ነው።

ማይርትል ተረከዟን ሳታነሣ አንገቷን ሰገግ አደረገች።

«ፓስተሩ ልጅቷን ያዛት» አለችው በሹክሹክታ። ውሃው ተንቦጫረቀ። «ገባች። … ወጣች! ተመስገን።»

«ቨርዴልስ?»

«ገንዳው አፍ ላይ ናት። ልጅቷ ፀጉሯን ስታራግፍ ከላይ እስከ ታች አረጠበቻት።» ማይርትል አሁንም አሻግራ አየች። «ልትጠርገው መሐረቧን እንኳ አላወጣችም።»

አልቶን ግንባሩን ገመዱን በጨበጠው እጁ ላይ አሳረፈ፤ ከፊቱ መዘምራኑ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ አንዳቸውም ሳይነቃነቁ ይዘምራሉ።