ስድስተኛው ቦይለር

ቴክኒሻኗ ከቤቷ ከወጣች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ሥራው ለወሬ ቀላል ነው፦ ስድስት የእንፋሎት ቦይለሮች፣ በየቦይለሩ አንድ መቆጣጠሪያ፣ ሁሉንም የሚያያይዝ አንድ ጥንድ ሽቦ። ኮምፒውተሩ በቁጥራቸው ተራ በተራ ይጠራቸዋል፤ እነሱም ግፊታቸውን ይናገራሉ። የፋብሪካው ፎርማን ሥራው ማለቁን ዛሬ ከፈረመላት ዛሬውኑ ወደ ልጇ ትሄዳለች። ካልፈረመ ደግሞ ያው እንደ ለመደችው ናት።

አምስቱ ልክ ተናገሩ። ስድስተኛው ግን አሥራ አንድ ብሎ ድርቅ አለ።

«አሥራ አንድ ቢሆንማ ኖሮ እኔና አንቺ እዚህ ቆመን አናወራም ነበር» አለ ፎርማኑ። «ከአሥር ካለፈ አደጋ ነው። ይኸው ደብተሩን እዪ፤ አራት!»

ደብተሩ የግፊት አንባቢው የጋሽ መዝገብ ነው። ስሙን ያወጡላቸው ሠራተኞቹ ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ከነጉልበታቸው ሕመም፣ በየሰዓቱ ደረጃውን እየወጡ የየቦይለሩን ጌጅ፣ ባለ መርፌውን የግፊት መለኪያ፣ አንብበው ይጽፋሉ።

«ሌሎቹ ከፍ ዝቅ ሲሉ ውለው ያድራሉ» አለ ፎርማኑ ገጹን እየገለጠ። «እንደ ስድስተኛው ያለ ጨዋ ግን የለም፤ ሁሌም አራት።»

ደረጃውን ወጥታ በዓይኗ አየችው። የጌጁ መርፌ አራት ላይ ቁጭ ብሏል።

«አይዞሽ ልጄ» አሏት ጋሽ መዝገብ። «ዕቃሽ አዲስ ነው፤ ገና ቤቱን አልለመደም።»

ሽቦውን ቀየረች። ሴንሰሩን ቀየረች። የአምስተኛውን መቆጣጠሪያ አምጥታ ብትገጥምበት፣ እዚያ ልክ ሲናገር የነበረው እዚህ መጥቶ አሥራ አንድ አለ። ወይ ጣጣ! እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች፤ ጥፋቱ የእጇ መሆኑን ራሷም አምናለች።

ስልኳ ጮኸ።

«እማዬ፣ ዛሬም አትመጪም?»

«እመጣለሁ የኔ እናት። ዛሬ እመጣለሁ።»

ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠችና አንዲት መስመር ጻፈች፦ ከስድስተኛው ላይ ሰባት ይቀነስ። ስክሪኑ አራት አለ። አፈረች፤ ግን ደክሟት ስለነበር እፍረቱም ብዙ አልቆየባትም።

ፎርማኑ ስክሪኑን ከደብተሩ ጋር አስተያይቶ ፈረመ። «ቀላል ነገር ነበር እኮ! ዝም ብለሽ ራስሽን አደከምሽ።»

ዕቃዋን ልትሰበስብ ለመጨረሻ ጊዜ ደረጃውን ወጣች። ጋሽ መዝገብ ስድስተኛው ቦይለር ሥር ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ።

«ተሳካልሽ?»

«ተሳካ ጋሼ።»

«እሰይ! እኔም ከዚህ ደረጃ ተገላገልኩ። እስቲ ትንሽ ልረፍበት።»

የመፍቻ ቦርሳዋን ብድግ አድርጋ ትከሻዋ ላይ ስታነግት የጌጁን መስታወት ገጨችው፤ መርፌው ተንቀጠቀጠ፣ ከአራት ተነሳ፣ አሥራ አንድ ላይ ሄዶ ቆመ።