አልሰማም

ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ የአርሲን ስንዴ ሠላሳ ዓመት በኮምባይነር ሲያጭዱ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ጆሯቸውም አብሯቸው ጡረታ ወጣ። አሰላ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ሰው ሁሉ በእጁ ሰላም ይላቸዋል። ሚስታቸው ወይዘሮ ፋናዬ ግን በአፍ ነው፤ አሥር ዓመት ሙሉ ጮኹ። አጥሩ ወደቀ ብለው ጮኹ፣ ቧንቧው ያንጠባጥባል ብለው ጮኹ፣ እህቴ ልትሰነብትብን ነው ብለው ጮኹ።

"ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን" ይላሉ ጋሽ ወልዴ ፈገግ ብለው።

"ምሳ ቀርቧል" ሲባል ግን ከጓሮ ከች ነው።

"ይሄ ሰውዬ የሚሰማው በሆዱ ነው!" ይላሉ ፋናዬ።

ነገሩ ሁሉ ሲያስቅ ቆይቶ በናዝሬት ላይ ከረረ። ናዝሬት አንድ ልጃቸው ናት፤ ዮፍታሔ የሚባል የሳጉሬ ልጅ ወደደች። አሰላ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ የጆሮ ባለሙያ ነው። በደንቡ መሠረት ሽማግሌ ላከ።

ሦስት ሆነው መጡ፤ ሐጂ ከዲሮ ናቸው ተናጋሪው። ቆመው ለመኑ።

"ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ነው። ጨዋ ነው፣ ሥራውም ጆሮ ማከም ነው።"

ጋሽ ወልዴ ትክ ብለው አዩዋቸው። "አልሰማም" አሉ።

ሽማግሌ ፊት "አልሰማም" ማለት እንግዲህ ምን እንደሆነ የታወቀ ነው። ወጥተው ሄዱ። በሁለተኛው እሁድ ተመለሱ፤ ሐጂ ከዲሮም ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"አልሰማም ብያለሁ!"

ናዝሬት እስከ በር ድረስ ተከትላ ሮጠች። "ኧረ አባቶቼ፣ በፈጠራችሁ! እምቢ ማለቱ አይደለም እኮ፤ ጆሮው ነው! መስማት አቅቶት ነው!" እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ሐጂ ከዲሮ ጢማቸውን ዳበሱ። "አይ ልጄ! እንግዲያው አሰሚውና እንመለሳለን። ግን አንድ ጊዜ ብቻ። ሽማግሌ ሦስቴ ነው የሚለምነው፤ ከዚያ ወዲያ ልመናው ይቀርና ውርደት ይሆናል።"

ሰኞ ጠዋት እናትና ልጅ ጋሽ ወልዴን ባጃጅ ላይ ጭነው ዮፍታሔ ዘንድ ወሰዷቸው። ክሊኒኩ ገብተው ሲቀመጡ የሱሪያቸው ዚፕ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ናዝሬት አፍራ ወደ መስኮቱ ዞረች። ፋናዬስ ቢሆኑ እንዲህ ያለውን ነገር በሰው ፊት እንዴት ይጩሁት?

ዮፍታሔ መሣሪያዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረ።

"ይሄ ትልቁ ከጆሮ ኋላ ይንጠለጠላል፣ በባትሪ ነው የሚሠራው። ይሄኛው ጆሮ ውስጥ ይገባል። ይህች ምስር የምታክለው ዘልቃ ስለምትገባ ጭራሽ አትታይም። ይሄ ደግሞ እንደ ስልክ ቻርጅ ይደረጋል፤ ስልክ ሲደወልም ድምፁ ቀጥታ ጆሮ ውስጥ ነው።"

"ይሄ ልጅ የሰው ኩክ እየቆፈረ ነው የሚበላው?" አሉ ጋሽ ወልዴ ጣራው እስኪነቃነቅ።

"ውይ በሞትኩት!" ፋናዬ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

ዮፍታሔ ጋሽ ወልዴን ለምርመራ ድምፅ የማያስገባው የመስተዋት ክፍል ውስጥ አስቀመጣቸው። ማዳመጫ ራሳቸው ላይ ጫነ፤ እሱ ከውጭ በማይክ ሊያናግራቸው ነው። ሴቶቹን ኮሪደር ላይ ጠብቁኝ አላቸው። ሩብ ሰዓት ሆነ። ሲወጡ ጋሽ ወልዴ ፊታቸው ደም መስሏል፤ ዮፍታሔ ይስቃል። ደግነቱ ዚፑ ተዘግቷል። ተመስገን አሉ ፋናዬ በልባቸው።

"ከባድ ነው?" አለች ናዝሬት።

"በጣም። ግን ከአባባ ጋር ተግባብተናል።"

ከሁሉ ትልቁን መረጠላቸው።

"ትንሿ አታምርም?" አሉ ፋናዬ።

"ሽማግሌዎቹ እንዲያዩት ትልቁ ይሻላል እማማ። ስጦታዬ ነው። ከእኔ ሌላ ማንም እንዳይነካው ብቻ።"

እሁድ ሦስቱ ሽማግሌዎች ለመጨረሻ ጊዜ ቆሙ። ናዝሬት ጓዳ ውስጥ የእናቷን እጅ እስኪያማቸው ጨብጣለች። ሐጂ ከዲሮም ሊፈትኑ ነው መሰለኝ፣ በሹክሹክታ ነበር የለመኑት።

"ሰምቻለሁ!" አሉ ጋሽ ወልዴ። "ልጄን ሰጥቻለሁ!"

እልልታው ቀለጠ። ናዝሬት እናቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ፋናዬም "ይሄ ልጅ ሰው አይደለም፣ መልአክ ነው!" እያሉ አብረው አለቀሱ።

ሰርጉ አለፈ። አጥሩ ግን እንደወደቀ ነው።

"ወልዴ! አጥሩ!"

"ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን።"

ፋናዬ አማቻቸውን አስጠሩት። ዮፍታሔ መሣሪያውን ገልበጥ አድርጎ አየና ራሱን ነቀነቀ። "ምን መሰለዎት እማማ፣ የተስተካከለው ለሽማግሌ ድምፅ ነው። የሴት ድምፅ ቀጭን ስለሆነ ያስቸግረዋል።"

"አይ የኔ ዕድል!" አሉ ፋናዬ።

አንድ ጠዋት ጋሽ ወልዴ ሊታጠቡ ገብተው መሣሪያውን መስኮቱ ላይ ትተውት ነበር። ፋናዬ አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ሊጠርጉለት አነሡት። ጥፍራቸው ነካውና የባትሪው ክዳን ቷ ብሎ ተከፈተ።

ባትሪ የለበትም፤ የፋብሪካው ላስቲክ እንኳ ገና አልተላጠም።