በሩ ሲዘጋ

አስካልን ከትዳሯ ያስመረራት፣ ልጆቼ፣ የባሏ መጠጥም ዱላም አልነበረም፤ ዝምታው ነው። ደምሰው ከሰው ጋር ሲሆን ጨዋታ አዋቂ ነው። እሷ ግን የቤታቸውን ጉዳይ ጎረቤት እንዳይሰማው በሩን ዘግታ "እስቲ እንነጋገር" ካለችው አለቀ፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ይቀራል። ስድስት ዓመት ሙሉ ከግድግዳ ጋር ስታወራ ኖረች።

ዛሬ ግን በቃት። ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ከታ፣ በሩን ቆልፋ ፊቱ ቆመች።

"ዛሬ ካልተናገርክ ወደ እናቴ ቤት መሄዴ ነው። ንቀኸኝ ነው አይደል?"

ደምሰው የተቆለፈውን በር አየና ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

"ኧረ አንተ ሰው፣ ያቺ እትዬ የምትላት፣ ያሳደገችህ አክስትህ፣ አፍ መፍታት አላስተማረችህም እንዴ?"

ያን ጊዜ ያ ግዙፍ ሰው ከወንበሩ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። አፍና አፍንጫውን በሁለት እጁ ግጥም አድርጎ ሸፈነ። ከጣቶቹ መሀል የወጣው ድምፅ የሕፃን ልጅ ድምፅ ነበር።

"እትዬ፣ በበርበሬ ጭስ አታጥኚኝ። ሁለተኛ አልናገርም።"