ቀበቶ ያላሰረው

እኛ ደሴት ላይ መኪና የምታከራየው ስታማቲያ ናት። ባለፈው በጋ ሦስት እንግዶች ነጯን መኪና ከግማሽ መንገድ መለሱላት። ሁሉም ያሏት አንድ ነው፤ ወደ አሮጌው ወደብ የሚወስደውን ጠመዝማዛ ሲያልፉ፣ የኋላው ወንበር ባዶ ሆኖ ሳለ፣ መኪናዋ ቀበቶ እሰሩ እያለች ትጮኻለች።

መካኒኩ የአጎቷ ልጅ ፓንዴሊስ ፈታትቶ ቢያያት ምንም አላገኘባትም።

«እህቴ፣ ሽጫትና ተገላገይ። ያ መንገድ ስንት ሰው በልቷል» አላት።

«እንግዲያው እኔንም ይብላኛ! ለጩኸት ብዬ መተዳደሪያዬን አልጥልም» አለችና ቁልፉን ነጠቀችው።

በጠራራ ፀሐይ ብቻዋን ነዳች። ጠመዝማዛውን እንዳለፈች መኪናዋ መጮህ ጀመረች። በመስታወቱ ወደ ኋላ አየች፤ ማንም የለም። ቢሆንም መሪውን ጨብጣ መንገዷን ቀጠለች።

«ማንም ሁን ማን፣» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «መሄድ ከፈለግህ እወስድሃለሁ። በእኔ መኪና ግን ቀበቶ ሳያስር የሚሄድ የለም!»

ከኋላዋ ቀበቶው ቀስ እያለ ሲሳብ ሰማች። ከዚያ ቀጭ አለ፤ ጩኸቱም ቆመ።